ጆሮውን ሲያክክ የሚያድር ውሻ ምን ይደረግለት?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የቀረበ ንግግር። ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት በተሰብሳቢው ጥያቄ መሠረት በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)





በዛሬው አጀንዳ ከመዋጮና ከቦይ ጠረጋ ቀጥሎ በሦስተኛ ተራ የተያዘው የውሻ ጆሮ ጉዳይ ነው። አጀንዳው ሲነበብ የሳቃችሁ አላችሁ፤ መሳቁ ነውር የለውም። ነገር ግን የአቤቱታውን መዝገብ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ልንገራችሁ። በዚሁ በውሻ ጆሮ ሰበብ ጎረቤትና ጎረቤት ተኳርፏል፤ አንድ ሕፃን እጁን ተነክሷል፤ አንድ ውሻም «አበደ! አበደ!» ተብሎ በድንጋይ ሊገደል ትንሽ ነበር የቀረው። ስለዚህ ነገሩ የውሻው ብቻ አይደለም፤ የእኛም ነው ማለት ነው።

የነገሩ አመጣጥ እንዲህ ነው። የቤቱን ስም አልጠራም፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አንድ የግቢ ውሻ ለብዙ ሳምንት ጆሮውን በእግሩ ሲያክክ፣ ራሱን ሲያራግፍ፣ ሰንሰለቱን ሲያንኳኳ ያድራል። ጎረቤት እንቅልፍ አጣ። ባለቤቶቹም በቅንነት፣ ተባይ ይገድላል ብለው ነጭ ጋዝ ጆሮው ውስጥ አፈሰሱለት። ውሻው ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ጮኸ። በማግስቱ የጎረቤት ልጅ እንደ ልማዱ ራሱን ሊዳብሰው ሲጠጋ እጁ ጆሮው ላይ አረፈ፤ ውሻውም ነከሰው። ሰው በዱላና በድንጋይ ተሰበሰበ። ደግነቱ አንድ ሽማግሌ መሐል ገብተው «እሰሩት እንጂ አትግደሉት» አሉ። ልጁ ወዲያው ቁስሉ በሳሙና ታጥቦ ጤና ጣቢያ ተወሰደና ክትባት ተጀመረለት። ውሻው ታስሮ ሲጠበቅ አሥሩን ቀን ጤነኛ ሆኖ ጨረሰ። የእንስሳት ሐኪም ሲያየው በጆሮው ውስጥ የተገኘው ጥቃቅን ተባይ ነበረ፤ በላዩ ላይ ደግሞ ነጭ ጋዙ ያቃጠለው ቁስል።

እንግዲህ እብደት አልነበረም፤ ሕመም ነበረ። ሕመሙም መድኃኒት ያለው ሕመም ነው። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፦ ጆሮውን የሚያክክ ውሻ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ ጆሮ ውስጥ ምንም ነገር አይፈስስም። እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም፤ የማቀርብላችሁ ሐኪሞች የሚያስተምሩትንና ማናችንም በቤታችን ልንጠብቀው የምንችለውን ነው።

የውሻ ጆሮ እንዴት የተሠራ ነው?

የውሻ ጆሮ ከእኛ ጆሮ ይለያል። የእኛ ቀዳዳ አጭር ነው፤ ወደ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይገባል። የውሻ ግን መጀመሪያ ወደ ታች ይወርድና ከዚያ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ልክ እንደታጠፈ የጭስ ማውጫ ቧንቧ። የጆሮው ታምቡር ያለው ከመታጠፊያው ወዲያ ነው። ከዚህ የተነሣ ውስጡ የገባ ውሃ፣ ቆሻሻና ኩክ በቀላሉ አይወጣም። ጆሮው የተንጠለጠለ ውሻ ከሆነ ደግሞ ነፋስ ስለማያገኘው እርጥበቱ ይብስበታል። በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ዝናብ ሲመታው የሚያድር የግቢ ውሻ ጆሮው ቢታመም ምን ይገርማል?

በዚህ መታጠፍ ምክንያት ነው በእንጨት ላይ ጥጥ ጠቅልሎ መጎርጎር የማይፈቀደው። የሚጎረጉር ሰው ቆሻሻውን ያወጣ ይመስለዋል እንጂ ወደ መታጠፊያው እየጠቀጠቀው ነው።

ምን ምን ያሳክከዋል?

አንደኛ፣ የጆሮ ተባይ። በዓይን በጭንቅ የምትታይ፣ ነጭ ነጥብ የምታህል ፍጥረት ናት። የምትኖረው ጆሮ ውስጥ ነው፤ ከዕንቁላል ተነሥታ እስክታድግ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጅባታል። ምልክቷ ደረቅ፣ ጥቁር፣ የቡና አተላ የመሰለ ቆሻሻ ነው። በቡችሎችና በድመቶች ላይ ትበዛለች፤ ከአንዱ ወደ አንዱም ትተላለፋለች። ስለዚህ በግቢው ውስጥ ሁለት ውሻና አንድ ድመት ካለ፣ ለአንዱ ብቻ መድኃኒት አድርጎ ሌላውን መተው ድካም ብቻ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ መታከም አለባቸው።

ሁለተኛ፣ መዥገርና ቁንጫ። መዥገር የጆሮን ሥርና ውስጡን ይወድዳል። ጠግቦ ሲወድቅ ደግሞ በግድግዳና በአጥር ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ በሺህ የሚቆጠር ዕንቁላል ይጥላል። ውሻው ብቻ ቢጸዳ፣ የሚተኛበት ጆንያና ቤቱ ካልጸዳ በሳምንቱ ተመልሶ ያው ነው።

ሦስተኛ፣ ፈንገስና ባክቴሪያ። ፈንገስ ሲሆን ቡናማ፣ ቅባት ያለው ኩክ ይበዛል፤ እንደ ኮመጠጠ ነገር ይሸታል። ባክቴሪያ ሲሆን ቢጫ ወይም አረንጓዴ መግል ያዣል፤ ይከረፋል፤ ሲነኩት ያለቅሳል። ሁለቱ ባንድ ጆሮ አብረው ሊገኙም ይችላሉ። የትኛው እንደሆነ በእርግጥ የሚታወቀው ሐኪሙ ከቆሻሻው ጥቂት ወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲያየው ነው። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንምና።

አራተኛ፣ የቆዳ አለርጂ። ይህንን ብዙዎቻችን አናውቀውም፤ ነገር ግን እየዳነ የሚመለስ የጆሮ ሕመም ባለበት ውሻ ላይ ከሁሉ በፊት የሚጠረጠረው ይኸው ነው። ሁለቱም ጆሮ ይቀላል፤ ውሻው መዳፉን ይልሳል፤ ብብቱንና ሆዱን ያክካል። መነሻው የቁንጫ ንክሻ፣ አቧራ፣ የአበባ ብናኝ ወይም የሚበላው ምግብ ሊሆን ይችላል። ጆሮው በየሦስት ወሩ የሚታመም ውሻ ካላችሁ፣ የጆሮ ጠብታ ብቻ እየገዙ ከመመላለስ ይህንን ለሐኪሙ ንገሩት።

አምስተኛ፣ ባዕድ ነገር። ዝናቡ ካለቀ በኋላ ሣሩ ሲደርቅ ሹል ጫፍ ያላት የሣር ፍሬ ጆሮ ውስጥ ትገባለች። ምልክቱ ድንገተኛ ነው፤ ጠዋት ደህና የነበረ ውሻ ከሰዓት በኋላ አንዱን ጆሮ ብቻ ወደ ታች አዘንብሎ ራሱን ያራግፋል። ይህንን የሚያወጣው መሣሪያ ያለው ሐኪም ብቻ ነው።

የዝንብም ነገር አለ። ታስሮ የሚውል ውሻ የጆሮው ጫፍ በዝንብ ተነክሶ ይደማል፤ ደሙ ሌላ ዝንብ ይጠራል። የዚህ መድኃኒቱ ግማሹ የግቢ ጽዳት ነው፤ ዐይነ ምድሩን በየዕለቱ መጥረግና የምግብ ትርፍራፊ አለማሳደር።

ምን አናድርግ?

እዚህ ላይ ጆሮአችሁን ስጡኝ።

ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ በረኪና፣ አልኮልና የሎሚ ጭማቂ ጆሮ ውስጥ አይገቡም። የቆሰለ ቆዳ ያቃጥላሉ። ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነ ደግሞ አልፈው ገብተው ውሻውን ሊያደነቁሩት ይችላሉ።

ለእህል ወይም ለከብት የሚረጭ ፀረ-ተባይ በውሻ ላይ አይረጭም። ውሻው ይልሰዋል፤ ልጆችም ያንኑ ውሻ ያቅፋሉ። ለከብት የሚወጋ የተባይ መድኃኒትም በግምት ለውሻ አይሰጥም። መጠኑ ካለፈ ይገድላል፤ አንዳንድ የውሻ ዘር ደግሞ በጥቂቱም ይጎዳል። ለውሻ ተብሎ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒት እንኳ ለድመት መርዝ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ሳትጠይቁ አታድርጉ።

የሰው የሕመም ማስታገሻ ኪኒን፣ ፓራሲታሞልም ሆነ አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ፣ ለውሻ አይሰጥም። «እኔን ካሻለኝ እሱንም ያሽለዋል» የሚባለው ለውሻ አይሠራም፤ ሆዱን፣ ኩላሊቱንና ጉበቱን ይጎዳዋል። ከሰው የተረፈ የጆሮ ጠብታም እንደዚሁ፤ ታምቡሩ መቀደድ አለመቀደዱ ሳይታይ አይንጠብጠብ።

ጆሮው ታመመ ብሎ ጆሮውን መቁረጥ መድኃኒት ነው የሚሉም አሉ። ሕመሙ ያለው ቀዳዳው ውስጥ ነው፤ የሚቆረጠው ግን የውጭው ቅጠል ነው። ምን ይፈይዳል? ስቃይ መጨመር ብቻ ነው።

መዥገርን በክብሪት ማቃጠልም ጋዝ መቀባትም አያስፈልግም። በወረንጦ ከቆዳው ጋር ተጠግቶ ይዞ፣ ሳያጣምሙ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። በጣት አይፍረጥ። ከዚያ ቦታውንም እጅንም በሳሙና መታጠብ ነው። ጆሮው ውስጥ ጠልቆ የገባውን ግን ለሐኪም ተዉት።

ታዲያ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ማየትና ማሽተት። በሳምንት አንድ ቀን፣ ስታበሉት ወይም ስታሻሹት፣ የጆሮውን ቅጠል ገልበጥ አድርጋችሁ በብርሃን እዩ። ጤነኛ ጆሮ ሐመር ሮዝ ነው፤ ጥቂት ኩክ ቢኖረው ግድ የለም፤ አይሸትም። ቀልቶ፣ አብጦ ወይም ሸትቶ ካገኛችሁት ያን ጊዜ ነው ሐኪም የሚጠራው፤ ወር ሲያልፍ አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለም?

ሁለተኛ፣ ሐኪሙ ጽዳት ካዘዘ ጽዳቱ ሥርዓት አለው። ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ያጸዳል። የሚያመው ውሻ የገዛ ጌታውንም ሊነክስ ስለሚችል አፉን በለስላሳ ጨርቅ ላላ አድርጎ ማሰር ጥሩ ነው፤ የሚያለከልክ ወይም የሚያስታውክ ከሆነ ግን አፉ አይታሰር። ሐኪሙ የሰጠውን ማጠቢያ በእጅ ሙቀት ለብ አድርጎ ቀዳዳው ውስጥ ማንቆርቆር፤ ከዚያ የጆሮውን ሥር ከውጭ በኩል ግማሽ ደቂቃ ያህል ማሸት። ውስጡ ጨቅ ጨቅ ሲል ይሰማል። ከዚያ ልቀቁትና ራሱን ያራግፍ፤ ቆሻሻውን ራሱ ያወጣዋል። የወጣውን በንጹሕ ጥጥ ወይም ጨርቅ፣ ጣታችሁ እስከሚደርስበት ብቻ ጥረጉ። በመሐሉ ውሻው በጣም ከጮኸ አቁሙ፤ ታምቡሩ ተጎድቶ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ የታዘዘውን መድኃኒት መጨረስ። ማከኩ በሦስተኛው ቀን ሲቀር «ዳነ» ብሎ ጠብታውን መደርደሪያ ላይ መወርወር ልማዳችን ነው። ተባዩም ባክቴሪያውም ገና አልሞተም፤ ሲመለስ የባሰ ሆኖ ነው የሚመለሰው።

አራተኛ፣ የሚተኛበትን ማስተካከል። ጆንያውን በሙቅ ውሃ አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት፤ ቤቱን ከመሬት ከፍ አድርጎ ጣሪያ ማልበስ፤ ገላው ሲታጠብ ጆሮው ውስጥ ውሃ እንዳይገባ መጠንቀቅ፤ ከገባም ማድረቅ። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትጋት ነው።

የማይጠበቅበት ጊዜም አለ። ራሱን ወደ አንድ ጎን አጣምሞ ከቀረ፣ ባንድ ቦታ ከዞረ፣ ሲራመድ ከወደቀ፣ ሕመሙ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ደርሷል ማለት ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። የጆሮው ቅጠል እንደ ትራስ ካበጠም፣ ራሱን ሲያራግፍ የደም ሥር ፈንድቶ ደም ተጠራቅሞ ነው፤ በምላጭ እንዳትበጡት።

እብድ ውሻና ጆሮውን ያመመው ውሻ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ጆሮውን የሚያክክ ውሻ ሁሉ እብድ ውሻ አይደለም። ነገር ግን እብድ ውሻ ተረት አይደለምና በንቀት አንየው። በዓለም ላይ ሰው ከሚያዝበት የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው በውሻ በኩል የሚመጣ ነው። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

ልዩነቱን በደንብ እናስተውል። ጆሮውን ያመመው ውሻ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጌታውን ያውቃል፤ የሚቆጣው ጆሮውን ሲነኩት ነው። በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘው ግን ጠባዩ በድንገት ይለወጣል። ድምፁ ይጎረንናል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ መዋጥ ያቅተዋል፤ እንጨትም ድንጋይም ያገኘውን ይነክሳል፤ ወይም ደግሞ ጸጥ ብሎ ጨለማ ውስጥ ይደበቃል፣ የኋላ እግሩም ይከዳዋል። እንዲህ ያለውን ውሻ ጆሮውን ላየው፣ አጥንት አንቆት ይሆናል ብላችሁ እጃችሁን እንዳትሰዱ። ራቁ፤ ልጆችን አርቁ፤ ለሚመለከተው ክፍል አሳውቁ።

ሰው ከተነከሰ፣ የነከሰው ውሻ የማንም ይሁን፣ የመጀመሪያው ሥራ ቁስሉን በሚፈስስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ስል በሰዓት ቆጥራችሁ ማለቴ ነው። ቡና፣ በርበሬ፣ ቅቤ አይደረግበት። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ነው። የጸሎቱና የጠበሉ ነገር የእያንዳንዱ እምነት ነው፤ ይቀጥል፤ ክትባቱ ግን አይቅር። ውሻው እንዳይገደል፣ እንዳይጠፋም፤ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። «ውሻው እስኪታይ ድረስ» ብሎ ክትባቱን ማዘግየት ግን አይገባም። ክትባቱ ይጀመራል፤ ውሻው ጤነኛ ከሆነ መቀጠል አለመቀጠሉን ሐኪሙ ይወስናል።

በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያለበትን ሥፍራ ሰዉ እስከ ዛሬ «ፓስተር» ይለዋል። ስሙ የመጣው ከሉዊ ፓስተር ነው። በ1885 እ.ኤ.አ. ፓስተር የ9 ዓመት ልጅ የነበረውን ጆሴፍ ማይስተርን፣ በእብድ ውሻ ተነክሶ ሳለ፣ በክትባት አዳነው። ከዚያ ወዲህ እስከ ዛሬ ከ140 ዓመት በላይ ሆኗል። መድኃኒቱ ይህን ያህል ዘመን እያለ ልጅ ሊሞትብን አይገባም።

ማኅበሩ የሚያሳስበው

በመዝገቡ ላይ ከሰፈሩት አሳቦች ሁለቱ አሳዝነውኛል። አንዱ፣ የሚጮኸውን ውሻ መኪና ላይ ጭኖ ከከተማ ውጭ መጣል ነው። የተጣለ ውሻ አይከተብ፣ አይታሰር፤ እዚያም የሰው ልጅ አለ። ችግሩን ከእኛ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ ማዛወር እንጂ ማስወገድ አይደለም። ሁለተኛው፣ ሥጋ ላይ መርዝ አድርጎ በአጥር መወርወር ነው። መርዙን ውሻው ብቻ ያነሣዋል ያለው ማን ነው? ሕፃን በሚጫወትበት ሰፈር መርዝ አይጣልም። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ሌሊት ነቅቶ የሚጠብቀን እንስሳ ሲታመም ዋጋው ይህ መሆን የለበትም።

ስለዚህ የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ የሚከተለውን አቅርቧል፦

1ኛ. ውሻ ያለው አባወራና እማወራ ሁሉ የውሻውን ብዛት፣ ዕድሜና የክትባት ካርድ ይዞ በመዝገብ ያስመዝግብ። ቡችላ ከ3 ወር ዕድሜው ጀምሮ ይከተባል፤ የሚቀጥለው ካርዱ ላይ በተጻፈው ቀን ነው።

2ኛ. ስማችን ከተሰበሰበ በኋላ የእንስሳት ሐኪም በአንድ ቀን ወደ ሰፈራችን እንዲመጣ እንጠይቃለን። ለየብቻ ከመጥራት ተጋርቶ መክፈሉ ይቀልላል። በዚያው ዕለት ክትባቱም የጆሮ ምርመራውም ይደረጋል። ቀኑ ሲቆረጥ በዚሁ ሰሌዳ ይለጠፋል።

3ኛ. የውሻ ጩኸት የነሣው ሰው መጀመሪያ ባለቤቱን በሰላም ይጠይቅ፤ «እትዬ፣ ጋሼ፣ ውሻው ምን ሆኖ ነው? አሞት እንዳይሆን» ብሎ። ካልሆነ ለእኔ ያስመዝግብ። ዱላና ድንጋይ የመጨረሻም መፍትሔ አይደለም።

4ኛ. ለሕክምና የቸገረው ጎረቤት ካለ በግልጽ ይንገረን። እፍረት የለውም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

5ኛ. ልጆቻችንን እናስተምር፤ የሚበላ፣ የተኛ፣ የታሰረና የታመመ ውሻ አይነካም። ውሻ ቢነክሳቸው ወይም ቢቧጥራቸው ሳይፈሩ ወዲያው ለቤተሰብ ይናገሩ። እኛም ልጁን አንቆጣ፤ የተቆጣ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ይደብቃልና።

ወገኖቼ፣ የዚያ የተነከሰው ልጅ እጁ ድኗል። ውሻውም ታክሞ ዛሬ ሌሊቱን ተኝቶ ያድራል፤ ጎረቤቱም እንደዚሁ። የተኳረፉትም ታርቀዋል። ይህ ሁሉ የሆነው አንድ ሰው በጊዜው «እሰሩት እንጂ አትግደሉት» ስላለና ሐኪም ስለተጠራ ነው። ዛሬ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ የውሻችሁን ጆሮ ገልበጥ አድርጋችሁ እዩልኝ። ሌላ አላስቸግራችሁም።



የማኅበሩ ጸሐፊ

ማሳሰቢያ፦ የውሻ ምዝገባው ዘወትር እሑድ ጠዋት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይካሄዳል። የክትባት ካርድ የሌላችሁም ኑ፤ ያለ ካርድ መጣህ ተብሎ የሚቆጣ የለም።